በከል የተጠራ ዋጋ

ደምስዬ፣

ፋሲካ ሲደርስ ከተለየኸን ዓመት ይሞላል። ይህን የምጽፍልህ እያለቀስኩ እንዳይመስልህ። እሁድ ከሰዓት ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው፤ ምሳዬን ደህና አድርጌ በልቻለሁ። የቀኑን ወሬ ሁልጊዜ በማስታወሻዬ እንደምጽፍ ታውቃለህ፦ ጤፍ ስንት ገባ፣ መብራት መቼ ጠፋ፣ ማን መጣ፣ ማን ሳይከፍል ሄደ። አንተ “የራዲዮ ዜና” እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ሰሞኑን ግን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ወሬ ሁሉ ላንተ የሚነገር ሆነብኝ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ላንተ ሰጠሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ለቡ አንተ የምታውቃት ለቡ አይደለችም። ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ሊሰፋ ተቆፍሮ ስለነበር ደረጃችንን ወደ ውስጥ አስገብተን ሠራን። ማዶ የተጀመረው ፎቅ ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ የከሰዓቷን ፀሐይ ወሰደብን። የወፍጮው ቺንጋ ተቀይሯል። አቮካዶዋ፣ “ይህቺ ዛፍ መካን ናት፣ ትቆረጥ” እያልኩ ስነዘንዝህ የኖርኩት፣ ዘንድሮ አፈራች፤ ሰፈሩን ሁሉ አጠገበች። ይህን ስጽፍ “አላልኩሽም?” ስትል ይሰማኛል። እሺ፣ ብለሃል። ልጃችን ሰላም ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢሮዋ እረፍት ስትሆን ሱቅ ትቀመጣለች። የባንክ ቁጥራችንን በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ስለለጠፈችው አሁን ሰው ኪሱን ሳይሆን ስልኩን ነው የሚያወጣው። እኔ አልጋው መሃል ላይ ነው የምተኛው። ይቅር በለኝ፣ ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ፤ ዘንድሮ በአገርህ በበቾ የሠራሁትን ጉድ ልንገርህ።

አንተ ከወገኖችህ ጤፍ የምትገዛበትን መንገድ መቼም አልወደድኩልህም ነበር። ታኅሣሥ ላይ አውድማቸው ድረስ ትሄድና ከቱሉ ቦሎ ገበያ ትንሽ ዝቅ ባለ ዋጋ ትገዛለህ። ነሐሴ ላይ ሜዳው ውሃ ሲተኛበትና የየቤቱ ጎተራ ሲጎድል ደግሞ አንተ በተራህ ከገበያው ዝቅ አድርገህ እህል ትልክላቸዋለህ። “የወንድም ዋጋ” ነበር የምትሉት። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ነፋስ ስልክ እናቴ እህል ቤት ውስጥ፣ ሚዛን አጠገብ ነው ያደግኩት። “በታኅሣሥ ያተረፍነውን በነሐሴ ከመለስን ለምን ደከምን?” ስልህ “በመሃል ባለው ጊዜ ማንም ጤፉን ይዞ ከእኔ አይሸሽም” ትለኝ ነበር። አንድ ዓመት ቃል በተሰጠና ጤፉ በተጫነ መሃል ዋጋው ወደቀና አንተ በቃልህ ከፈልክ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩህ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዋጋው ተሰቀለና እነሱ በቃላቸው ጫኑልን። ያን ጊዜ አላኮረፍኩም፤ ግን ትክክል ነበርክም አላልኩህም። እንዲህ ያለውን ነገር በቁሙ ለባል መንገር አደገኛ ነው።

እንዴት እንደተዋወቅን ትዝ ይልሃል? ሽምብራ ጭነህ እናቴ ቤት መጣህ። እናቴ ታማ ስለነበር አንተን የተቀበልኩህ እኔ ነኝ። ከረፋድ እስከ ምሽት ተከራከርን። በመጨረሻ ጆንያው ላይ ተቀመጥክና “ከዚህች ልጅ ጋር በየወሩ ከመከራከር አግብቶ መገላገል ይሻላል” አልክ። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማናት። ተገላገልክ እንዴ? አይመስለኝም።

አንተ ስታርፍ ሰፈሩ ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ “የበቾው ጤፍ ከእሱ ጋር ቀረ።” እኔም ቀዝቀዝ ብዬ ሳስበው እውነት መሰለኝ። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ደላላ በየሳምንቱ መኪና ይዞ መንደራችሁ ውስጥ እየዞረ ከገበያው በላይ እንደሚከፍል ሰማሁ። ያ ማኛ ጤፍ ካልመጣ ደግሞ የእኛ ቤት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከእኛ የሚገዙት እንጀራ አቅራቢዎች የሚመጡት ለሌላ አይደለም። እነሱ ከሄዱ ወፍጮው ይቆማል፤ ወፍጮው ከቆመ ሱቁን ማከራየት ነው። ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ ከወዲሁ መጥቶ በሩን በክንዱ ለክቶ ሄዷል። ሰላም “እማ፣ አከራይተሽ እረፊ” አለችኝ። ማረፍ የሚሉትን ነገር አላውቅበትም።

ታኅሣሥ ላይ ከአየር ጤና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሁሉንም አስቤዋለሁ። ወንድማቸው ሞቷል፤ እኔ ወንድም አይደለሁም፤ የወንድም ዋጋ ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ ያለኝ መሣሪያ አንድ ነው፤ ዋጋ። ከል ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ አውድማው ላይ ደረስኩ። የአባትህ ታናሽ ወንድም ኦቦ ገለታ፣ የአጎትህ ልጅ ብርቄ፣ ሌሎቹም ሁሉ ነበሩ። ሰላምታው፣ ለቅሶው አለቀ። ከዚያ እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ደላላው ከሚሰጠው በላይ የሆነ ዋጋ ጠራሁ።

ደምስዬ፣ ዝም አሉ። ኦቦ ገለታ አየት አደረጉኝና “ልጄ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?” አሉ። “ይወስደኛል” አልኳቸው። “ምግብስ?” አሉ። ብርቄ ቂጣ በተልባ አምጥታ በግድ አጎረሰችኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላም ሥራ፣ ስለ ለቡ መንገድ ተወራ። ስለ ጤፍ ማንም አልተነፈሰም። እስከ መኪናው ሸኙኝ፤ አንዷማ ክንዴን ይዛ ደግፋ አሳፈረችኝ፣ ያመመኝ ይመስል።

ዕድሜዬን ሙሉ የነገድኩ ሴት ነኝ። ገዢ ዋጋ ጠርቶ ሻጭ ዝም ካለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ጨምሪ ማለት ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ለኦቦ ገለታ ደወልኩና ጨመርኩ። “አይዞሽ ልጄ፣ ጸሎት ይዘናል” ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ዕለት ሁለት ሽማግሌዎች ሱቅ ድረስ መጡ። ማር በቅል፣ አንዲት ዶሮ እና በጀሪካን ጠበል ይዘዋል። እኔ ምን አልኩ? መደለያ ነው አልኩ። ይበልጥ እንድጨምር ሊያለሰልሱኝ ነው ብዬ ሰላምን ጠቀስኳት። ከዚያም ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ለሦስተኛ ጊዜ ጨመርኩ። ተያዩ። አንደኛው ቀስ ብሎ ጀሪካኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና “ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ” አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ብርቄ ራሷ መጣች። ምላሷን ታውቃለህ፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ነው ጆንያ ላይ የተቀመጠችው። “አንቺ ምራት፣ እባክሽ ዋጋ መጨመር አቁሚ” አለች። “ለምን? ደላላው በለጠኝ?” ስላት “የምን ደላላ! አንቺ ዋጋ በጨመርሽ ቁጥር እኛ ሱባኤ እየጨመርን ነው። መንደሩ ጾም ላይ ነው። ኀዘን አእምሮዋን ነካው ተብሏል” አለችኝ።

ሰላም ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች፤ ሳቋን ግን ሰምቻለሁ።

ከዚያ ብርቄ ያስረዳችኝን አንተ ሳታውቀው አትቀርም፤ ለእኔ ግን በሕይወትህ ሳለህ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም። በአገራችሁ ከል ከለበሰ ሰው ጋር ዋጋ አይቆረጥም። አይሸጥለትም፣ ከእሱም አይገዛም። ብርቄ ባሏ በሞተባት ጊዜ ልቧ ጠፍቶ በሬዋን ለአንድ ጎረቤት በማይረባ ዋጋ ሰጥታው ነበር። መንደሩ ሰምቶ ሰውየውን አንድም ቃል አልተናገረውም። ብቻ ቤቱ የሚገባ ሰው ጠፋ፤ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት ሰው ጠፋ። ሰውየው አንድ ጠዋት በሬውን መልሶ አምጥቶ ደጇ ላይ አሰረው። “ከሌን ሳወልቅ ያንኑ በሬ ለዚያው ሰውዬ በደህና ዋጋ ሸጥኩለት። አሁንም ድረስ ይረግመኛል” አለችና ሳቀች።

“ታዲያ እኔ ርካሽ አልጠየቅኳችሁ፤ ውድ ነው የጠራሁት” አልኳት። “ያው ነው” አለች ብርቄ። “ሐዘንተኛ በርካሽ ሲሸጥ መግዛት ነውር ከሆነ በውድ ሲገዛ መሸጥስ ምንድን ነው? የደምሴን ሚስት ልናራቁት ነው እንዴ?”

ለካ ገንዘቤን እምቢ ያሉት አዝነውልኝ ነው። ለካ የእኔ ብልሃት ሁሉ እዚያ የእብደት ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ያን ቀን በማስታወሻዬ ላይ ስለዚህ ደንብ ብዙ ጻፍኩ። መጀመሪያ ደግነት ነው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ሰረዝኩት። ደግነት ብቻ ቢሆን አንድ መጥፎ ዓመት ይሰብረው ነበር። ይኼ አጥር ነው። ሞት የማይገባበት ቤት ስለሌለ የሁሉም ሰው በሬ አንድ ቀን በዚያ አጥር ውስጥ መጠለሉ አይቀርም። ዛሬ የጎረቤትህን ሐዘን አልገዛም ካልክ ነገ የሚስትህን ሐዘን ማንም አይገዛም። እኔ በንግድ ፈቃድ፣ በዋስ፣ በባንክ የማገኘውን መተማመን እነሱ በአንድ “ነውር ነው” አቁመውታል፤ የሚያስከፍላቸውም ነገር የለም። አይ፣ አለ። ጤፋቸው ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ የደላላው መኪና ባዶውን ሲመለስ እነሱ የማዳበሪያ ወጪ ነበረባቸው። ያስከፍላል፤ እያወቁ ነው የሚከፍሉት።

ብርቄ ልትሄድ ስትነሳ ቁርጡን ነገረችኝ። አንተ በየዓመቱ የምትገዛውን ጤፍ ለእኔ አስቀምጠው እየጠበቁ ነው፤ ግን ከጥምቀት በላይ መጠበቅ አይችሉም። ከዚያ በኋላ ለፋብሪካው ይሸጣሉ፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ጤፉን ከፈለግኩ ከሌን ማውለቅ አለብኝ።

በዚህ ጊዜ ግን ቀዝቃዛው ጭንቅላቴ አልረዳኝም፤ እውነቱን ልንገርህ። ዓመት ሳይሞላህ? ሰላም “እማ፣ ሰው ምን ይላል?” አለች። የእድራችን ሴቶች ምን እንደሚሉ ደግሞ እኔ ራሴ አውቃለሁ፤ በሌላዋ ላይ ሲባል አብሬ ብያለሁ። ግን የሰው አፍ አልነበረም የያዘኝ። ጥቁሩን ጠዋት ጠዋት ስለብስ አንተን የምይዝበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለሦስት ቀን ያህል አሰብኩበት። ከዚያ እናትህ የሞቱ ጊዜ ትዝ አለኝ። አርባቸው እንዳለፈ ጥቁር ክራባትህን ፈተህ ጆንያ አሰርክበትና “እማዬ ሥራ ፈት ገመድ አትወድም ነበር” አልክ። ደነገጥኩብህ። አሁን ሳስበው ሰፋ ያለ ፈቃድ ትተህልኝ ነው የሄድከው።

ለኦቦ ገለታ ደወልኩ። “ከሌን አስወልቁኝ” ስላቸው ደስ ብሏቸው “ሽማግሌ ይዘን ለቡ እንመጣለን” አሉ። “አይ፣ እኔ እመጣለሁ። አውድማው ላይ አስወልቁኝና እዚያው እንነጋገር። መኪና ተከራይቼ ነው የምመጣው፤ ባዶውን አላመላልሰውም” አልኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጠገባቸው ላለ ሰው “ትንሽ የተሻላት ይመስለኛል” ሲሉ ሰማሁ።

ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ሰላምን ይዤ፣ አይሱዙ አስከትዬ ሄድን። ብርቄ ከቱሉ ቦሎ ገበያ ቀሚስ ገዝታልኝ ነበር። ደምስዬ፣ ያንን ቀሚስ ብታየው! ቢጫ መደብ ላይ ቀይ አበባ፣ አበባው የሰሃን ያህል ነው፤ ስፋቱ ለእኔና ለሰላም ይበቃል። ሰላም ጆሮዬ ስር “መጋረጃ ነው” አለች። ኦቦ ገለታ መረቁ። ብርቄ ጥቁር ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አነሳችና አጥፋ ለሰላም ሰጠቻት። ንፋሱ አንገቴን ነካኝ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ንፋስ የነካኝ አልመሰለኝም። ቀሚሱን እላዬ ላይ ሲያጠልቁልኝ ሴቶቹ እልልታቸውን ለቀቁት፤ እኔም በዚያ መጋረጃ ውስጥ ሆኜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከዚያ ጤፉ ጋ ሄድኩ። አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤ መዳፌ ላይ እፍ አልኩበት፤ ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁት። ነጭ ነው፣ ውብ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። “አፈር አለው” አልኩ።

ኦቦ ገለታ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። “ተመስገን፣ ድናለች!” አሉ። ሰው ሁሉ “ተመስገን” አለ። አንድ ሽማግሌ፣ ያ ጀሪካን የገፋልኝ፣ “ጠበሉ ነው” ብሎ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ ሰማሁ።

በአውድማችሁ ገዢ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት በማን ስም እንደሚገዛ ይጠየቃል፤ ይህንንም አላውቅም ነበር። ኦቦ ገለታ “በማን ስም ነው?” ብለው ጠየቁኝ። “በደምሴ ስም” አልኩ። “እንግዲያው ጥሪ” አሉኝ። ጠራሁ። ከፋብሪካው ዋጋ በታች፣ ከገበያው በታች፣ አንተ ትጠራው ከነበረውም በታች አድርጌ ጠራሁ።

የተነሣውን ጩኸት ብትሰማው! “ኧረ እቺ ሴት!” “ደምሴ ቅዱስ ነበር ለካ!” “ቀሚሱን መልሺ!” በእኔ በኩል እቆማለሁ ብላ የነበረችው ብርቄ ወዲያው ወደ እነሱ ዞራ ከሁሉም በላይ ጮኸች። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ተከራከርን። ስድብ ነበር፤ ምሳ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መኪናው ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለት ጊዜ በቀሚሴ ጎትተው መልሰውኛል። በመጨረሻ የቆረጥነው የወንድም ዋጋ ላይ ነው፤ አንተ ከምትቆርጠው በአንዲት ሳንቲም ከፍም ዝቅም አላለም። ሁላችንም ገና ከጅምሩ እዚያ እንደምንደርስ እናውቅ ነበር። ግን ሳይከራከሩ መድረስ ነውር ነው፤ ይህንን እንኳ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የማውቀው። እጅ ለእጅ ተማታን። ኦቦ ገለታ እጄን ሳይለቁ “ነሐሴን አትርሺ” አሉ። “ነሐሴ እኔው ራሴ ጭኜ እመጣለሁ” አልኳቸው። ሰኞ ወፍጮው ሲነሳ ሰፈሩ ሰምቷል። የሞባይል ጠጋኙ ልጅ ሌላ ሱቅ አገኘ፤ ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው።

የእድር ሴቶች እንዳሰብኩት አሉ። አንዷ ፊት ለፊቴ “ዓመት ሳይሞላው?” አለችኝ። ለምን እንዳወለቅኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችኝ፤ ትንሽ አሰበችና “እና ጤፉ ስንት ነው?” አለች። ዛሬ ደንበኛዬ ናት።

ሰላምም ደህና ናት። ያን ቀን በመኪና ስንመለስ ጆንያ ላይ ተደግፋ “እማ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን እኔ ልጥራ” አለችኝ። ቢሮዋን አትለቅም፤ እኔም አልፈልግም። ግን በዚያ አውድማ ላይ ስትናገር ድምፅዋ እንደሚሰማ አውቄያለሁ፤ የአንተን ጉሮሮ ነው የወሰደችው።

ደምስዬ፣ ሙት ዓመትህ ሲደርስ ወገኖችህ ሁሉ እዚህ ለቡ ይመጣሉ፤ ድንኳኑን ከወዲሁ ተነጋግሬበታለሁ። እንድትረሳ አልተውህም። ግን ቃሌን የምሰጥህ ስለ ድንኳን አይደለም፤ ድንኳን ሁሉም ይተክላል። ነሐሴ ላይ ሜዳው ውሃ ሲሞላ ጎተራቸው ባዶ እንዲያድር አላደርግም። በየታኅሣሡ ደግሞ፣ ጉልበቴ አውድማው ድረስ እስካደረሰኝ፣ ከኔም በኋላ ሰላም እስካለች፣ በማን ስም ብለው ሲጠይቁን በአንተ ስም እንላለን። ስምህ መጀመሪያ ይጠራል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋልሃል።

ከዚያ በኋላ ግን አፈር አለው እላለሁ።

ያንተው ዘነበች